የማትመዘገበዋ ሴት

ዓርብ ከቀትር በኋላ ነታንያ ፊቷን ወደ ባሕሩ ትመልሳለች። በኪካር ሃዓጽማኡት ዙሪያ ካፌዎቹ በፈረንሳይኛና በሩሲያኛ ጨዋታ ይደምቃሉ፤ ልጆች በፏፏቴው አጠገብ ይራወጣሉ፤ ሰንበት ሳይገባ የቀረ ዕቃ የሚገዙ እናቶች ከረጢታቸውን ተሸክመው ወደ አውቶቡስ ይጣደፋሉ። ከገደሉ አፋፍ ወደ ሲሮኒት ባሕር ዳርቻ የሚያወርደው ሊፍት ሰው ያመላልሳል። ከአደባባዩ ወደ ምሥራቅ ጥቂት ሄድ እንዳልኩ ከቆሙት መኪናዎች በአንዱ መስኮት ጠርዝ ላይ የእጅ መዳፍ የማትሞላ ካርድ ተሰክታ አየሁ። ግማሽ ልብስ የለበሰች ሴት ፎቶ አለባት፤ ከሥሩ የስልክ ቁጥር። ስም የለም፣ አድራሻም የለም። በፎቶው ላይ ያለችው ሴት ስልኩን አታነሳም፤ ምናልባትም ፎቶው የማንም ሊሆን ይችላል። ደዋዩ የሚላክበትን ቤት በዕብራይስጥ «ዲራ ዲስክሬቲት» ይሉታል። ተራ መኖሪያ ሕንፃ ውስጥ፣ በአንድ ወገን ጡረተኛ፣ በሌላው ወገን ልጆች ያሉት ቤተሰብ የሚኖርበት፣ ደጁ ምልክት የሌለው አፓርታማ ነው።

እንዲህ ያለውን ነገር ያየ ሰው መጀመሪያ የሚለው ይታወቃል፦ «ከጥንት ጀምሮ የነበረ፣ ወደፊትም የማይቀር ከሆነ መንግሥት ለምን ፈቅዶ፣ መዝግቦ፣ በሐኪም አስመርምሮ፣ ግብር አስከፍሎ አይገላገለውም?» ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አይደለም። አዲስ አበባም ሆነ ነታንያ፣ በቡና ላይም ሆነ በዩኒቨርሲቲ ክፍል ውስጥ ሲነሳ ሰምቻለሁ። ይህን የሞከሩ አገሮች አሉ፤ ተቃራኒውን የሞከሩም አሉ፤ እስራኤል ራሷም መንገዷን ቀይራለች። እኔ ግን ነገሩን በተከታተልኩ ቁጥር አንዲት ሴት ከሁሉም ዝርዝር ውስጥ ስትጠፋብኝ አያለሁ። ይህን ዘገባ የምጽፈው ስለእሷ ነው። (የኢትዮጵያን ታሪክ ስናወሳ ካልሆነ በቀር ቀኑም ዓመተ ምሕረቱም በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

በእስራኤል ሕግ ገላዋን የምትሸጥ ሴት በዚህ ድርጊቷ አትከሰስም፤ ተከስሳም አታውቅም። ወንጀሉ በዙሪያዋ ያለው ነው። ቤቱን ለዚህ ዓላማ የሚያከራይ፣ የሚያስተዳድር፣ ከገቢዋ ድርሻ የሚቆርጥ ደላላ በወንጀል ይጠየቃል። የቀረው ገዢው ነበር። እሱ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ከፍሎ፣ ልብሱን ለብሶ፣ በሩን ዘግቶ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። ታኅሣሥ 31 ቀን 2018 የእስራኤል ፓርላማ፣ ክኔሴት፣ 34 ለ 0 በሆነ ድምፅ ይህን ለወጠው። ከሕጉ ጀርባ የቆሙት ሴቶች በሌላ ጉዳይ ላይ የማይስማሙ ነበሩ፦ የግራዋ ሼሊ ያኪሞቪች እና ከሃይማኖተኛው ቀኝ ወገን የመጡት ሹሊ ሙዓለም። በሕጉ ገዢ ሆኖ የተገኘ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ 2,000 ሼክል እንዲቀጣ ተደነገገ፤ በሦስት ዓመት ውስጥ ከደገመ 4,000። ዐቃቤ ሕግ ፍርድ ቤት ካቀረበው ቅጣቱ እስከ 75 ሺህ ሼክል ሊደርስ ይችላል። በዋናነት ለዚህ ንግድ በሚያገለግል ቤት ውስጥ መገኘትም ያስቀጣል። ሕጉ ሲወጣ ለአምስት ዓመት የሚጸና ጊዜያዊ ድንጋጌ ሆኖ ነበር፤ ሥራ ላይ የዋለውም ሐምሌ 10 ቀን 2020 ነው።

ወደዚህ ያደረሰው መንገድ ረጅምና አሳፋሪ ነው። በ1990ዎቹ፣ ሶቪየት ኅብረት ከፈረሰች በኋላ፣ ከዩክሬን፣ ከሞልዶቫ፣ ከሩሲያ የመጡ ሴቶች በሲና በረሃ በኩል በቤዱዊን ሕገ ወጥ አሻጋሪዎች እየተነዱ ገብተው ከአንዱ ቤት ባለቤት ወደ ሌላው ይሸጡ ነበር። ሰውን ለወሲብ ንግድ መሸጥ በእስራኤል ራሱን የቻለ ወንጀል የሆነው በ2000 ነው። ከዚያ በፊት ፖሊስ ሴቶቹን «ያለ ፈቃድ የገባች» ብሎ ያስርና ይመልስ ነበር፤ ሻጩ ይቀራል። በ2001 አሜሪካ በሰው ንግድ ላይ በምታወጣው ዓመታዊ ዘገባ እስራኤልን ከመጨረሻው ረድፍ አስቀመጠቻት፤ ይህም የመንግሥቱን ጆሮ አቆመ። በዜሃቫ ጋልኦን የተመራው የክኔሴት መርማሪ ኮሚቴ በ2005 ባወጣው ሪፖርት በአራት ዓመት ውስጥ ከ3,000 እስከ 5,000 ሴቶች በድብቅ እንደገቡ ገመተ። መጠለያ ከዚያ ቀደም ብሎ ተከፍቶ ነበር፤ በ2006 ሁሉን አቀፍ የሰው ንግድ ሕግ ወጣ፤ በኋላም በግብፅ ድንበር አጥር ተተከለ። ከውጭ የሚመጡት ቁጥራቸው ቀነሰ። ቤቶቹ ግን ባዶ አልሆኑም፤ የአገሪቱ የራሷ ሴቶች ገቡባቸው።

እነማን እንደሆኑ መንግሥት ራሱ አጥንቷል። በ2016 ይፋ የሆነው ብሔራዊ ጥናት በዚህ ንግድ ውስጥ ያሉትን ሰዎች ከ11,420 እስከ 12,730 ይገምታቸዋል። ከመቶው 95 ያህሉ ሴቶች ናቸው፤ ብዙዎቹም እናቶች። ገንዘቡ በዓመት 1.2 ቢሊዮን ሼክል ገደማ ይንቀሳቀሳል። ከተጠየቁት ውስጥ ከአራት ሦስቱ ገደማ ከቻሉ ለመውጣት እንደሚፈልጉ ተናግረዋል።

አዲሱን ሕግ የተቃወሙት ገዢዎች ብቻ አልነበሩም። በ2018 የተመሠረተው «አርጋማን» የተባለው በዚሁ ሥራ ላይ ያሉ ሴቶች ማኅበር፣ ቅጣቱ ደንበኛውን አስፈርቶ ንግዱን ይበልጥ ወደ ጨለማ ይገፋል፤ ጨዋውን ያሸሻል፣ አደገኛውን ያስቀራል ብሎ ሞግቷል። ሕጉ ሥራ ላይ የዋለበት ወቅት ደግሞ የኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ነበር። ሴቶቹ ገቢያቸው በአንድ ሌሊት ተቋርጦ፣ ለኪራይ የሚከፍሉት አጥተው ነበር። ይዘግይ የሚል ግፊት ቢኖርም የፍትሕ ሚኒስትሩ አቪ ኒሰንኮርን አልተቀበሉትም። ሕጉ ከቅጣቱ ጎን ለጎን የማገገሚያ በጀት ሊኖረው ይገባ ነበር፤ በየዓመቱ በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሼክል ተብሎ ቃልም ተገብቶ ነበር። የመቀጫ ደረሰኝ ለማተም ቀለምና ወረቀት ይበቃል። የማገገሚያው ሥራ ግን ቤት፣ የሱስ ሕክምና፣ የዕዳ ስረዛ፣ የሙያ ሥልጠና፣ ከሁሉም በላይ ታጋሽ ሠራተኛ ይፈልጋል። በቴል አቪቭ «ሳሊት»፣ በሐይፋ «ኦፌክ ናሺ» የሚባሉት ማዕከላት ለዓመታት ይህን ሲሠሩ ኖረዋል። ነታንያ ከሁለቱ መካከል ናት፤ ወደ ቴል አቪቭ 30 ኪሎ ሜትር፣ ወደ ሐይፋ እጥፍ ገደማ።

አሁን ወደ ጥያቄው ልመለስ፦ ፈቅዶ መመዝገብስ?

ኔዘርላንድስ ጥቅምት 1 ቀን 2000 የወሲብ ቤቶችን ክልከላ አነሳች። ሐሳቡ ንጹሕ ነበር፤ ሕጋዊ ሲሆን ብርሃን ያገኛል፣ ብርሃን ሲያገኝ ደላላው ይሸሻል የሚል። በ2008 ለፍርድ የቀረበው «ስኔፕ» የተባለው ትልቅ ጉዳይ ያሳየው ግን፣ በአምስተርዳምና በሌሎች ከተሞች ፈቃድ ባላቸው መስኮቶች፣ ፖሊስ በየጊዜው እያለፈ ወረቀት በሚያይባቸው ቦታዎች፣ ሴቶች በድብደባ ተገደው ይሠሩ እንደነበር ነው። ወረቀታቸው ሙሉ ነበር። ደላላው መንገዱ ዳር ቆሞ ይቆጥራቸው ነበር። አምስተርዳም ከ2007 ጀምሮ ከመስኮቶቿ ብዙዎቹን እየገዛች ወደ መዝጋት ሄደች።

ጀርመን ከሁሉም ይልቅ ልትጠና ይገባታል፤ ምክንያቱም ቁጥር ትጽፋለች። በ2002 ሥራ ላይ የዋለው ሕግ ሥራውን እንደ ማንኛውም ሥራ ቆጠረው፦ የሥራ ውል፣ የጤና መድን፣ የጡረታ መዋጮ። ከአምስት ዓመት በኋላ መንግሥት ሲገመግመው ከተጠየቁት ሴቶች የሥራ ውል የነበራት ከመቶ አንዷ ገደማ ሆና ተገኘች። ቤቱን የሚያካሂደው ሰው ሕጋዊ ነጋዴ ሆነ፤ ሴቲቱ እንደነበረችው ናት። ስለዚህ በ2017 ሌላ ሕግ መጣ፦ እያንዳንዷ ሴት ትመዝገብ፣ የምክር አገልግሎት ታግኝ፣ የመታወቂያ ወረቀት ትያዝ የሚል። በ2023 መጨረሻ የተመዘገቡት 30,600 ገደማ ነበሩ። በዚያ አገር በዚህ ሥራ የሚተዳደሩት ከዚህ በብዙ እጥፍ እንደሚበልጡ ሕጉን የሚደግፉትም የሚቃወሙትም አይክዱም። የቦን ከተማ በ2011 በመንገድ ላይ ለሚቆሙ ሴቶች ትኬት የሚሸጥ መሣሪያ ተከለች፤ ለአንድ ሌሊት 6 ዩሮ። መንግሥት ድርሻውን ለመቀበል ከምሽቱ ጀምሮ በሥራ ላይ ነበር።  ይህን ባነበብኩ ጊዜ ያደረብኝን ቁጣ ዛሬም አልተውኩትም።

እንግዲህ መዝገቡ ውስጥ የምትገባው ማን ናት? ወረቀቷ የተሟላ፣ ቋንቋውን የምታውቅ፣ ቤተሰቧን የማትፈራ፣ ሱስ የሌለባት፣ አለቃ የሌላት። ከመዝገቡ ውጭ የምትቀረው ደግሞ ፓስፖርቷ ደላላው ኪስ ውስጥ ያለ፣ ዕድሜዋ ያልደረሰ፣ እናቷ ብትሰማ የምትሞትባት ናት። ሕጉ ለእሷ ወጥቶ ሳለ እሷ ብቻ ናት የማትገኘው። ፈቃድ ያለው ቤት በተከፈተ ቁጥር ፈቃድ የሌለው በጓሮ በኩል በርካሽ ይከፈታል፤ ርካሹን የምትሞላውም እሷ ናት።

ሚዛኑን በአንድ ወገን ብቻ እንዳልጭን ግን የሌላውንም ልናገር። በአሜሪካ ሮድ አይላንድ ግዛት ከ2003 እስከ 2009 በቤት ውስጥ የሚካሄደው ንግድ ከወንጀልነት ወጥቶ ነበር። ሁለት የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች ባደረጉት ጥናት በዚያ ጊዜ ውስጥ ለፖሊስ የደረሰ የአስገድዶ መድፈር አቤቱታ 30 በመቶ ገደማ፣ በሴቶች ላይ የተመዘገበ የጨብጥ በሽታ ደግሞ 40 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ኒው ዚላንድ በ2003 በአንድ ድምፅ ብልጫ፣ 60 ለ 59፣ ሥራውን ሙሉ በሙሉ ከወንጀል አወጣች፤ ከዚያ በኋላ በተደረገ ጥናት ከተጠየቁት ሴቶች ከግማሽ በላይ ያልፈለጉትን ሰው «አይሆንም» ማለት እንደቀለላቸው ተናገሩ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ነገር ግን በዚያው ሕግ አንቀጽ 19 መሠረት በጊዜያዊ ቪዛ የገባች የውጭ አገር ሴት በዚህ ሥራ እንዳትሠራ ተከልክላለች። እንደገና ያቺው ሴት፦ እንግዳዋ፣ ወረቀቷ ያልተሟላ። ከሠራች ልትባረር ትችላለች፤ ብትደበደብ ፖሊስ ጋ አትሄድም። ስዊድን በበኩሏ በ1999 ገዢውን ብቻ በመቅጣት የመጀመሪያዋ ሆነች፤ በ2010 በተደረገው የመንግሥት ግምገማ የመንገድ ላይ ንግዱ በግማሽ ቀንሷል ተባለ። ቀሪው ግማሽ ወደ ኢንተርኔትና ወደ ዝግ ቤት ገብቷል የሚሉ አሉ፤ ዛሬ ነታንያ ውስጥ የማየው ከዚህ የራቀ አይደለም።

የእኛን አገር ካላነሳሁ ነገሩ ጎደሎ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ መንግሥት ይህን ንግድ በእጁ ይዞ ያስተዳደረበት ዘመን ነበረ፤ ያም መንግሥት የኢጣሊያ ፋሺስት ነበር። አዲስ አበባን በያዘባቸው ዓመታት ለወታደሮቹ የተለዩ ቤቶች ከፈተ፤ ሴቶቹ በሐኪም ይመረመሩ ነበር። በሚያዝያ 1929 ዓ.ም ደግሞ አንድ ሕግ አወጣ፦ ኢጣሊያዊ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር እስከ አምስት ዓመት እንዲታሰር። ገላዋን ገዝቶ መሄድ ግን አያስቀጣም ነበር። ምርመራው የወታደሩን ጤና፣ ሕጉ የዘሩን ክብር ይጠብቅ ነበር፤ ሴቲቱ በሁለቱም ውስጥ ዕቃ ነበረች። ኢጣሊያ በገዛ አገሯ የነበሩትን በመንግሥት ፈቃድ የሚሠሩ ቤቶች በ1958 በሴናተር ሊና ሜርሊን ሕግ ዘጋች። «ሐኪም ይመርምራቸው» የሚል ሐሳብ በተነሳ ቁጥር፣ ምርመራው ለማን ጤና እንደሆነ እጠይቃለሁ።

ነጻነት ከተመለሰ በኋላ የኢትዮጵያ ሕግ መካከል ላይ ቆመ። የ1949 ዓ.ም የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ሆነ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ሴቲቱን በሥራዋ ብቻ አይቀጡም፤ የኋለኛው ግን በሌላ ሰው ገላ መነገድን በአንቀጽ 634 ይከለክላል። የሰው ንግድን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 በሌላ ሰው የወሲብ ንግድ መበዝበዝን ከብዝበዛ ይቆጥራል። በወረቀት ላይ ሲታይ ከእስራኤል የድሮ ሕግ ብዙ አይርቅም። በመሬት ላይ ግን የአዲስ አበባዎቹ ሰባተኛ፣ ቺቺኒያ፣ ከመፍረሱ በፊት የነበረው ዶሮ ማነቂያ፣ ሁሉም ሕጉ አይቶ እንዳላየ ያለፋቸው ሰፈሮች ናቸው። በፈረንጆች 2014 በትልልቅ ከተሞች በተደረገ ብሔራዊ ጥናት ከሴተኛ አዳሪዎች ከአራት አንዷ ገደማ ኤች አይ ቪ በደሟ እንዳለ ታወቀ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በከተማ ነዋሪ አዋቂዎች ላይ የተደረገው ጥናት ያገኘው 3 በመቶ ነው። በዚህ ልዩነት ውስጥ የደንበኛ ጉልበት፣ የኮንዶም ድርድር፣ የክሊኒክ ነርስ ግልምጫ ሁሉ አለ።

በነታንያ ሄፍጺባ ሰፈር ውስጥ፣ ከጎንደር ገጠር የመጡ አንዲት እናት ቤት፣ ቡና እየተወቀጠ ይህን ጉዳይ አነሳሁ። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። «ልጄ፣ በእኛ ጊዜ ባሏ የፈታት ሴት መሬት የላትም። ከተማ ገብታ ጠላ ትጠምቃለች፣ አረቄ ታወጣለች። ያን ጊዜ ገና ምንም ሳታደርግ ስሙን ይሰጧታል» አሉ። ሙቀጫውን ወደ ልጅ ልጃቸው ገፋ አድርገው ቀጠሉ፦ «ስሙ አስቀድሞ መጣ። ሥራው ኋላ ነው የመጣው።» ስለ ሕግ ከሰማኋቸው ንግግሮች ብዙዎቹ ይህን ያህል አልጠቀሙኝም። መሬት፣ ፍቺ፣ ውርስ፦ ሴቲቱን ወደዚያ በር የሚያደርሷት እነዚህ ናቸው፤ ስለ ወሲብ ንግድ ሕግ ሲወራ ግን ማንም አያነሳቸውም።

ነታንያ ከእስራኤል ከተሞች ሁሉ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባቸው አንዷ ናት፤ በሄፍጺባ፣ በአዞሪም፣ በኪርያት ኖርዳው ከ10 ሺህ በላይ ነን። በዚህ ንግድ ውስጥ ከእኛ ልጆች አሉ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ሽማግሌዎቻችን ወሬውን ይለውጣሉ። ማኅበራዊ ሠራተኛ የሆነች የማኅበረሰባችን ልጅ ግን አልለወጠችውም። «አሉ» አለችኝ፤ «ግን እኔ ቢሮ አይመጡም። ለቅሶውም፣ ሠርጉም፣ የስግድ በዓሉም ለእኛ አንድ ነው። እንግዳ መቀበያው ላይ የምትቀመጠው የአክስቷ ልጅ ልትሆን ትችላለች። ለምን ትመጣለች?» ቀጥላም በምዝገባ ለሚያምኑ ሁሉ ማስነበብ የምፈልገውን ተናገረች፦ «ስሟ የተጻፈበት ወረቀት ካለ አትመጣም። ሐኪም ቤት ቢሆንም፣ ምግብ የሚሰጥ ቢሆንም፣ አትመጣም።»

ይህ ፍርሃት ከነውር ብቻ የመጣ አይደለም። በጥር 1996 ማአሪቭ ጋዜጣ፣ የእስራኤል የደም ባንክ የሆነው ማገን ዳዊድ አዶም ኢትዮጵያውያን የለገሱትን ደም ለዓመታት፣ ለጋሾቹ ሳያውቁ፣ ኤች አይ ቪ ፈርቶ ሲደፋ መኖሩን ገለጠ። በሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን በኢየሩሳሌም በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ወጡ፤ ከፖሊስ ጋር ተጋጩ። ያን ቀን ልጅ የነበሩ ዛሬ እናቶች ናቸው። በጤና ስም የተደረገ መለየት በሕዝብ ላይ ምን እንደሚያደርግ ከመጽሐፍ አልተማሩትም። ለዚህ ማኅበረሰብ «ተመዝግባ ትመርመር» የሚል ሕግ ማውጣት፣ በጣም የተጎዳችውን ከሐኪም ማራቅ ነው።

ስለዚህ የእኔን ሐሳብ ሳልሸፋፍን ልናገር። ገዢውን መቅጣት ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ለረጅም ዘመን ነውሩን በሙሉ የተሸከመችው እሷ ነበረች፣ እሱ ግን በምኩራብም በቤተ ክርስቲያንም የፊት ወንበር አላጣም። ቤት ከፍቶ መነገድን የሚፈቅድ ሕግ ግን ነታንያም ሆነ አዲስ አበባ እንዳይመጣ እፈልጋለሁ፤ ጀርመንና ኔዘርላንድስ የከፈሉትን አይቻለሁና። ይህን ስል የአርጋማን ሴቶች የሚሉትን አልጥልም። ቅጣቱ ብቻውን መጥቶ ቤቱ፣ ሕክምናውና ገንዘቡ ከቀረ፣ ሕጉ ከደሃ ሴት ላይ ገቢዋን ነጥቆ ጨለማውን ትቶላታል። ያኔ ሕጉን ጠላታችን ብለው ቢጠሩት እውነት አላቸው።

ማኅበራዊ ሠራተኛዋን፣ ሥልጣን ቢኖርሽ ነገ ምን ታደርጊያለሽ ብዬ ጠየቅኋት። ብዙ አላሰበችም። ከነታንያ ውጭ የሆነ፣ ማንም የማያውቃት ቦታ ያለ ክሊኒክ፤ ስም የማይጠይቅ። አማርኛና ትግርኛ የምትናገር፣ ከማኅበረሰቡ ያልሆነች ወይም ከሌላ ከተማ የመጣች ነርስ። ከልጆቿ ጋር የምታድርበት መጠለያ፤ ልጆቿን ጥላ መምጣት ስላለባት ብቻ የቀሩ አሉና። ለደላላው ባለባት ዕዳ ላይ የሚከራከርላት ጠበቃ። የአውቶቡስ ገንዘብ። «በመጀመሪያ ግን» አለች፣ «ማታ ስልክ የሚያነሳ ሰው። እነሱ የሚደውሉት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ እኛ ቢሮ የምንገባው ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው።»